ስልኩ አንድ ሰው ናችሁ ያለን ክረምት

ሐምሌ 2፣ ረቡዕ

ዛሬ ፎቶ አነሱን። የቀጠናውን ጠራጊ በሙሉ ኒም ዛፉ ሥር አሰልፈው፣ እንደ እስረኛ፣ አንድ በአንድ። ከነገ ጀምሮ ስም መጥራት ብቻውን አይበቃም፣ ጠዋት ጠዋት ፊታችሁን ለስልክ ታሳያላችሁ፣ አረንጓዴ ካለ ገብታችኋል፣ ቀይ ካለ ቀርታችኋል አሉን።

«ቀይ ብሎኝ ብጠርግስ?» አልኩ።

የጽዳት ክፍሉ ኃላፊ ፓሪክ ሳህብ አፍንጫውን በመሐረብ እንደያዘ «ብትጠርጊም ቀርተሻል» አለ። ሰዉ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም።

ስልኩን የሚይዘው የባብሊ አባት ነው። የቡድናችን አለቃ ነዋ። ባብሊ ልጄ ናት፣ እሱ ባሌ ነው፤ ስሙን በአፌ ጠርቼው አላውቅም፣ በእስክሪብቶም አልጀምርም።

ግያርሲ ጋ ሲደርስ ጉድ ፈላ። ግያርሲ የባሌ የሟች ታናሽ ወንድም ሚስት ናት። አንድ ግቢ ነው የምንኖረው፣ ከአንድ ቧንቧ ነው የምንቀዳው፣ ግን የባሏ ታላቅ ወንድም ነውና ከተዳረች ጀምሮ ፊቷን አይቶት አያውቅም። እሷም አናግራው አታውቅም። የምትፈልገው ነገር ካለ ለእኔ ትነግረኛለች፣ እኔ ከሌለሁ ለግድግዳው ትነግረዋለች፣ እሱ ይሰማል። ወጉ እንዲህ ነው። አሁን ታዲያ ስልኩን ይዞ ፊት ለፊቷ ቆመ! አንገቱን ወዲያ አዙሮ፣ እጁን ዘርግቶ፣ የሚነክስ ነገር እንደያዘ ሰው።

ፓሪክ ሳህብ «ግለጪ!» ብሎ ጮኸባት። ደንግጣ ልትገልጥ ስትል የክንብንቧን ጫፍ የያዝኩት እኔ ነኝ። አንድ ዓይንና ግማሽ ጉንጭ ይበቃዋል አልኩ። ስልኩም ቲንግ ብሎ ተቀበለ። በቃው ማለት ነው። እኔ ምን አጠፋሁ? የሰፈሩ ወንድ ሁሉ ቆሞ እያየ።


ሐምሌ 5፣ ቅዳሜ

ቀይ። ቀይ። ቀይ። ወንዶቹን ገና ብቅ ሲሉ አረንጓዴ ይላቸዋል። እኛን ግን ጎንበስ በይ፣ ቀና በይ፣ ላብሽን ጥረጊ፣ ብርሃን ጋ ነይ። ጎህ ሳይቀድ ብርሃን ከየት ላምጣ? በባትሪ ፊቴ ላይ አበሩብኝ፣ ሌባ እንደተያዘ። በስንት መከራ አረንጓዴ አለ።

ለግያርሲ ስልኩን ከባብሊ አባት እጅ እየተቀበልኩ ከጋሪው ጀርባ የማሳያት እኔ ነኝ። ቶሎ ትገልጣለች፣ ቶሎ ትሸፈናለች። አንዳንዴ ስልኩ «ሱግና» ብሎ በእኔ ስም ይጽፍላታል። «እትዬ፣ ዛሬ ደግሞ አሮጊት አደረገኝ» አለችኝ። እንደገና ሞከርን፣ በስሟ ተቀበለ። ጋሪው ላይ ተደግፈን ሳቅን።


ሐምሌ 11፣ ዓርብ

እኔ ትምህርት ቤት የቆምኩት ግቢውን ለመጥረግ ብቻ ነው። ፊደል የለየሁት ከመድኃኒት ካርቶን፣ ከሱቅ ሰሌዳ፣ ከተቀደደ ጋዜጣ ነው። ያነበብኩት ሁሉ የጠረግኩትን ነው። ስለዚህ ማንም መጥቶ ይሄ አይገባሽም እንዳይለኝ።

ዛሬ የጠረግኩት ጋዜጣ ምን ይላል? ከተማችን ዘመናዊ ሆነች፣ ማሽን ዘር አይለይም፣ ሀብታም ድሃ አይልም፣ አድልዎ አያውቅም። ሻይ ቤቱ በር ላይ ቆሜ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። ባለሻይ ቤቱ ለሌላው በብርጭቆ፣ ለእኛ በወረቀት ኩባያ ነው የሚቀዳው፤ ኩባያውንም እንዳይነካን ጫፉን ይዞ።

«አየሽ ሱግና፣ ማሽኑ ከእኔ ይሻላችኋል» አለኝ።

«እሱስ ከአንተ አይሻልም። አንተ ስትንቀን እንኳ አንድ በአንድ ለይተህ ነው።»

ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። እሱም ሳቀ። ሻዩን ግን በወረቀቱ ኩባያ ነው የሰጠኝ።

ማሽን ዘር አይለይም። ያስተማረውስ ሰውዬ? እሱም አይለይም?


ሐምሌ 20፣ እሑድ

የቲጅ በዓል። ባል ያላት ሁሉ አረንጓዴ ለብሳ፣ እጇን ሄና ተቀብታ ዥዋዥዌ ላይ ናት። ግያርሲ ግቢ ውስጥ ልብስ ስታጥብ ዋለች። ባሏ ካልያን ከሁለት ክረምት በፊት የተደፈነ ፍሳሽ ሊከፍት ጉድጓድ ገብቶ አልወጣም። ጋዙ ነው የገደለው። ሥራውን ለእሷ ሰጧት። ይሄ ሥራ አይባልም፣ የባሏ ደም ነው። ሁለቱን ሴቶች ልጆቿን የምታበላው በዚያ ነው።

ቧንቧው ጋ ሴቶቹ «ወጣት መበለት ግቢሽ ውስጥ አስቀምጠሽ እንዴት እንቅልፍ ይወስድሻል?» አሉኝ። አፈር ብሉ አልኳቸው። እኔ እንደዚያ ዓይነት ሰው አይደለሁም።

ማታ የባብሊ አባት ጣፋጭ ገዝቶ ገባ። ለግያርሲ ልጆችም ለባብሊም። ቀድሞ የሰጠው ግን ለእነሱ ነው።

ሕፃናት ናቸው፣ ይቅደሙ።


ነሐሴ 1፣ ሐሙስ

የግያርሲ ደመወዝ አልገባም። የእኔ ገብቷል። ስልኬ ላይ መልእክት መጣ፤ ሁለት ስም፣ አንድ ፊት፣ የተጭበረበረ መዝገብ ሊሆን ስለሚችል ሁለተኛው እስኪጣራ ታግዷል ይላል። ለግያርሲ አነበብኩላት። «አልገባኝም» አለች። እንደገና አነበብኩላት። «አንድ ሰው ናችሁ ነው የሚለው» አልኳት።

«እኔና አንቺ?»

«እኔና አንቺ።»

«ታዲያ የማናችን ባል ነው የሞተው?» አለች። ቀልድ መስሎኝ ልስቅ ነበር።

ማዘጋጃ ቤት ሄደን ደረጃው ላይ ስንጠብቅ ዋልን። ፓሪክ ሳህብ አስገባን። ወንበር የለም ለእኛ፣ ይኖራል ብለንም አልጠበቅንም።

«ሳህብ፣ ይኸው እኔ፣ ይኸው እሷ። ሁለት ነን።»

«እኔ ሁለት አያለሁ። ሲስተሙ ግን አንድ ነው የሚያየው።»

«ታዲያ ዓይንዎን ነው የሚያምኑት ሲስተሙን?»

«የእኔ ዓይን ደመወዝ አይከፍልም።»

«እኛ እኮ የሥጋ ዝምድና እንኳ የለንም! እሷ ከአንድ መንደር ተዳረች፣ እኔ ከሌላ። እሷ ረዥም፣ እኔ ድንክ። የእኔ ጥርስ ወልቆ አልቋል፣ የእሷ ገና ወተት ነው።»

«ስንት ሰው በሁለት ስም ደመወዝ ሲበላ ኖሯል። ማሽኑ የመጣው ለዚያ ነው። ማሽን ከማንም ጋር ጠብ የለውም፣ ሱግና። የማጣሪያ ቀን ይወጣል፣ ያኔ ትቀርባላችሁ።»

ወጥተን በሩ ሳይዘጋ ለጸሐፊው ሲነግረው ሰማሁ። «እውነቱን ልንገርህ፣ እኔም አልለያቸውም። ሁሉም ያው ናቸው። ማሽኑ ምን ያድርግ!» ሳቁ።

ግያርሲም ሰምታለች። በክንብንቧ ሥር ምን እንደሆነች አላየሁም። ወደ ቤት ስንሄድ ከኋላዬ ነበረች፣ ዞር ብዬ አላየኋትም።


ነሐሴ 7፣ ረቡዕ

ከጃይፑር የመጣ የማሽኑ ባለሙያ አለ። ለጋ ወጣት ነው፣ ጆሮው ውስጥ ነጭ ነገር ሰክቶ። ትሑት ነው፣ ያናግራል። ብቻዬን ነው የሄድኩት። ግያርሲ ሥራ ላይ ነበረች፤ ደመወዟ ታግዶም ትጠርጋለች፣ ከቀረች ጭራሽ ይሰርዟታል።

«ማሽኑን ማን አስተማረው?» አልኩት።

«ፎቶ አይቶ ነው የሚማረው፣ እትዬ። በጣም ብዙ ፊት አይቷል።»

«የማንን ፊት?»

«የሰው ነዋ።»

«የትኛው ሰው? የተከናነበች ሴት አለችበት? መጥረጊያ የያዘች፣ ጥቁር፣ ጎህ ሳይቀድ አቧራ የለበሰች አለችበት?»

ስልኩን በእጁ አገላበጠው። «ብዙ ላይኖር ይችላል» አለ። «እንደዚያ ዓይነት ፊት በደንብ ካላየ መለየት ይቸግረዋል። ይመሳሰሉበታል።»

«ስለዚህ ጥፋቱ የማሽኑ ነው።»

«እንደዚያ ብዬ መጻፍ አልችልም፣ እትዬ።»

የራሱን ፊት ሊያሳየኝ ስልኩን አነሳ። ገና ሳያስተካክለው አረንጓዴ። ሳቀ፣ ከዚያ አፈረ።

«መጀመሪያ የተነሳው ፎቶ ግማሽ ብቻ ቢሆንስ?» ብዬ ጠየቅኩት። ለማወቅ ያህል ነው።

«ያኔማ ይብስበታል።»

ለማወቅ ያህል ነው የጠየቅኩት።

ስወጣ እስከ ደረጃው ሸኘኝ። ድምጹን ቀነስ አድርጎ «በማጣሪያው ቀን ካሜራው ፊት ቀድሞ የቆመ ሰው ነው የሚያዘው። የእሱ መዝገብ ይጸናል፣ የሁለተኛው ይዘጋል። እኔ ነገርኩሽ እንዳትዪ» አለኝ።

ለግያርሲ ነገ እነግራታለሁ። ዛሬ ደክሟታል።


ነሐሴ 10፣ ቅዳሜ

ዝናብ። ቦዩ ሞልቶ ገበያው ውስጥ ገባ። እስከ ጉልበታችን ቆሻሻ ውስጥ። ስልኩ ውሃ እንዳይነካው የባብሊ አባት በላስቲክ ጠቅልሎት ነበር። እኛን የጠቀለለን የለም።

በዚያ ዝናብ ምን ይወራል። አልነገርኳትም።


ነሐሴ 14፣ ረቡዕ

ዛሬ ተናገርኩ! ጉሮሮዬ እስኪዘጋ ተናገርኩ። ለካ እኛ ብቻ አይደለንም። ዘጠነኛ ቀጠና ሦስት ሴቶች አንድ ተደርገዋል። አንዷ አያት፣ አንዷ እርጉዝ፣ አንዷ ገና ሙሽራ። ከየቀጠናው ሴቶች ማዘጋጃ ቤቱ ደጅ ተሰብስበው ነበር፣ ማንም የሚጀምር ጠፋ፣ «ሱግና፣ አንቺ ተናገሪልን» አሉኝ።

«ሦስት ሴት አንድ አድርጎ አንድ ደመወዝ!» አልኩ። «እናንተ ቤት ሦስት ምራት በአንድ ሌሊት አንድ ቢሆኑ ፖሊስ ትጠሩ ነበር! ይሄ ማሽን አንድ ቀን እንኳ ፓሪክ ሳህብን ከዘበኛው ጋር አምታትቶ ያውቃል? አንድ ቀን የሳህብን ደመወዝ ለዘበኛው ከፍሎ ያውቃል? ለምን አያምታታም? ምክንያቱም የእነሱን ፊት ሰው ብሎ አጥንቶታል! እኛን ያጠናን ማነው? ቆሻሻውን ካላነሳን ብቻ ነው የምንታያችሁ!»

ሴቶቹ አጨበጨቡ። ዘበኛው ራሱ አፉን በእጁ ሸፍኖ ሳቀ። ግያርሲ ከኋላ ቆማ ነበር፤ ወደ ቤት ስንሄድ እጄን ይዛ «እትዬ፣ አንቺ ባትኖሪ እኔ ምን እሆን ነበር?» አለችኝ።

ልነግራት ነበር። አፌ ላይ ነበር። ልጆቿ ሮጠው መጡ፣ ተቋረጠ።


ነሐሴ 19፣ ሰኞ

የማጣሪያው ቀን ወጣ። ማክሰኞ ሳምንት።

ባብሊ ነርስነት ትምህርት ቤት ገብታለች፣ ሁለተኛ ዓመቷ ነው። ከወገናችን የመጀመሪያዋ ናት፤ ነጭ ለብሳ ሰው የምትነካ፣ ሰውም እሺ ብሎ የሚነካት። የምከፍለው ከእኔ ደመወዝ ነው። የአባቷ ደሞዝ ለቤቱ ራሱ አይበቃም። ይሄን ለምን እንደጻፍኩት አላውቅም።

የግያርሲ ልጆችም ልጆች ናቸው፣ አልጠፋኝም።

ባለሙያው ልጅ ያለኝ ነገር ደግሞ እውነት ላይሆን ይችላል። ልጅ ነው፣ ምን ያውቃል። ያላረጋገጥኩትን ነገር ነግሬ ለምን አስጨንቃታለሁ።


ነሐሴ 27፣ ማክሰኞ

ጨረሱት። በሥርዓቱ ልጻፈው፣ በኋላ ሰው እንደፈለገ እንዳያወራ።

ፓሪክ ሳህብ አለ፣ ባለሙያው ልጅ አለ፣ ሦስት እግር ላይ የቆመ ካሜራ አለ። እኔ፣ ግያርሲ፣ የባብሊ አባት። እሱ የተጠራው በአለቃነቱ ነው። ሠራተኛዋን በመልኳ አውቃታለሁ ብሎ አለቃዋ ከመሰከረ የማሽኑ ይሻራል፣ ደንቡ እንደዚያ ነው አሉ። ደስ አለኝ። ከልቤ ነው ደስ ያለኝ። ይመሰክርላታል፣ ሁለታችንም እንገላገላለን አልኩ።

«እነዚህ ስንት ሴቶች ናቸው?» አለ ፓሪክ ሳህብ።

«ሁለት፣ ሳህብ።»

«ይቺኛዋ ማናት?»

«ግያርሲ ናት። የወንድሜ ሚስት።»

«በመልኳ ታውቃታለህ?»

የባብሊ አባት መሬት መሬት አየ።

«ምነው? አንድ ግቢ አይደለም እንዴ የምትኖሩት?»

«አይቼው አላውቅም፣ ሳህብ።»

«ምኑን?»

«ፊቷን። የታናሽ ወንድሜ ሚስት እኮ ናት።»

ፓሪክ ሳህብ ጠረጴዛውን እየመታ ሳቀ። የእሱ ቤት ምራቶች የማይከናነቡ ይመስል! «እንግዲህ ማሽኑ አይቷታል፣ አንተ አላየሃትም። ታዲያ በምኗ ነው ግያርሲ ናት የምትለኝ?»

«በእግሯ። እግሯን አውቀዋለሁ። ግራ እግሯ ላይ የቃጠሎ ጠባሳ አለ። ስትራመድ ቀኙን ትንሽ ትስባለች።»

«እግር አንመዘግብም።»

እግሯን ያውቃል። አንገቱን ደፍቶ የሚያልፍ ሰው እግር ነው የሚያየው፣ ሌላ ምን ያያል። ጠባሳውን እኔም አውቀዋለሁ። ቀኙን እንደምትስብ ግን አላስተዋልኩም ነበር።

እኔ ተነሳሁ። «እኔ ልመስክር! እኔ ፊቷን በየቀኑ አያለሁ! ከሙሽርነቷ ጀምሮ አውቃታለሁ!»

«አንቺ አትችይም» አለ ሳህብ። «በሲስተሙ ሁለታችሁ አንድ ሰው ናችሁ። ሰው ለራሱ አይመሰክርም።»

እኔ፣ ሱግና፣ ወደ ቦታዬ ተመለስኩ።

«በሉ እንግዲህ፣ ካሜራው ይፍረድ። ማን ይቀድማል?»

ባለሙያው ልጅ አየኝ። እኔም አየሁት። ግያርሲ ክንዴን ነካ አድርጋ «እትዬ፣ አንቺ ቅደሚ» አለች። ራሷ ናት ያለችው። ታላቅ ይቀድማል፤ ሠርግ ቤትም፣ ለቅሶ ቤትም፣ ቤተ መቅደስ ደጅም እኔ ነኝ የምቀድመው፣ እሷ ከኋላዬ ናት። ሁሌም እንደዚያ ነው። ዛሬ ብቻ ተነስቼ አንቺ ቅደሚ ብላት ግራ ይገባት ነበር።

ቀደምኩ።

አረንጓዴ። ሱግና።

ከዚያ እሷ ቆመች። ክንብንቧን እስከ ትከሻዋ መለሰችው። የባብሊ አባት ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ዓይኗን አፍጥጣ፣ ትንፋሿን ይዛ ቆመች፣ ላቧ በጉንጯ ይወርዳል። ማሽኑ አሰበ አሰበና የእኔን ስም ጻፈ። ሱግና፣ ቀድማ ቀርባለች። ቀይ።

«ያው» አለ ፓሪክ ሳህብ። «ተናገረ።»

ሙሉ ፊቷን ገልጣ ነው እኮ እንዲህ ያላት። ሙሉ ፊቷን! ስለዚህ የዚያን ቀን የክንብንቡ ጉዳይ አይደለም። ማንም ወደ እኔ እንዳይጠቁም።


ነሐሴ 28፣ ረቡዕ

ቧንቧው ጋ ስደርስ ወሬው ቆመ።

ግያርሲ ባልዲዋን አስቀምጣ «ባለሙያው ለምንድን ነው እንደዚያ ያየሽ?» አለችኝ።

«እኔ ምን አውቃለሁ።»

«እሺ» አለች። ባልዲዋን አነሳች።


መስከረም 5፣ ሰኞ

ግያርሲ ሥራ ፍለጋ ወጥታ ነበር። ሰው ቤት ሳህን ለማጠብ ማን እጇን ያስነካታል? ስምሽ ማነው፣ የማን ወገን ነሽ፣ ሂጂ። አሁን ላስቲክ ትለቅማለች፣ እኔ የጠረግኩት ክምር ላይ። እኔ አከማቻለሁ፣ እሷ ትመርጣለች። አንነጋገርም። ልጆቿን እኔ ነኝ የማበላቸው። ቂጣውን ለእነሱም እጋግራለሁ፣ ምስሩንም እጨምራለሁ። ይሄም ይጻፍ።

ትልቋ ልጅ ዛሬ «እናቴ ውሸታም ናት ወይ?» አለችኝ። ትምህርት ቤት ልጆቹ እናትሽ በሁለት ስም ደመወዝ ስትበላ ተያዘች ብለዋታል። «እናትሽ ንጹሕ ናት» አልኳት። «ታዲያ ማን ነው ያጠፋው?» አለች።

ማሽኑ አልኳት። ማሽኑ ነዋ። ሌላ ማን አለ።


መስከረም 20፣ ማክሰኞ

የዘጠነኛ ቀጠና ሴቶች መጡ። አቤቱታ ሊያሰሙ ነው፣ ጋዜጠኛም ይመጣል፣ «አንቺ ነሽ የምትናገሪልን» አሉኝ። ጉሮሮዬን አሞኛል አልኳቸው። እርጉዟ አሁን ወልዳለች፣ አዝላው ነበር። «ትናንት ከባለሻይ ቤቱ ጋር ስትከራከሪ ሰማንሽ እኮ» አለች።

ዛሬ ነው ያመመኝ አልኳት።


ጥቅምት 1፣ ቅዳሜ

ትኩሳት። መገጣጠሚያዬ ሁሉ ተፈታ። ትንኙ ነው፣ ሰፈሩን በሙሉ ጥሎታል። የመብራቱ በዓል ዲዋሊ ደርሷል፣ ከተማው ሁሉ ቤቱን እየጠረገ ወደ መንገድ ያወጣዋል። በዚህ ሰሞን ሦስት ቀይ ያየ ይባረራል ብለዋል።

የባብሊ አባት ግቢው ውስጥ ቆሞ ለግድግዳው «ነገ በእሷ ፋንታ የሚሄድ ሰው ያስፈልጋል፣ ለሁለት ሦስት ቀን» ሲል ሰማሁ። ከግድግዳው ወዲያ ባልዲ ተነሳ።

እኔ አልከለከልኩም። ሥራዬን ልታድንልኝ አይደል።


ጥቅምት 2፣ እሑድ

«አረንጓዴ አለኝ፣ እትዬ። ወዲያው። ሱግና ብሎ።»

«ስልኩን ማን ያዘልሽ?»

«እሱ ነዋ። አንቺ የለሽ።»

«ፊትሽን ገልጠሽ?»

«ሳልገልጥ ያየኛል እንዴ?» አለችኝ። ስልኩን ይሁን እሱን ማለቷ እንደሆነ አልጠየቅኳትም። ውሃ አጠጣችኝ። ጨርቅ አርሳ ግንባሬ ላይ አደረገችልኝ፣ እጇ ቀዝቃዛ ነበር።


ጥቅምት 8፣ ቅዳሜ

እጄ እስክሪብቶ መያዝ ጀመረ። ቁጭ ማለት እችላለሁ። መቆም ገና ነው።

ከሥራ ስትመለስ አየኋት፣ ክንብንቧ ትከሻዋ ላይ ነበር። ግቢው ውስጥ! የባብሊ አባት ኋላዋ ጋሪ እየገፋ። እኔን ስታይ ቀስ ብላ መለሰችው። ቀስ ብላ ነው የመለሰችው፣ እንደ ድሮው ደንግጣ አይደለም።

የባንክ ካርዴ በእሱ ኪስ ነው ያለው። የሠራችበትን ይሰጣታል። ይስጣት፣ ሠርታለች።

ማታ «ከዲዋሊ በኋላ እመለሳለሁ» አልኳት። ምስር እየለቀመች ነበር፣ ቀና አላለችም።

«ማሽኑ እኮ እኔ አንቺ ነኝ ብሏል፣ እትዬ። ማሽን ይሳሳታል እንዴ?»

«ግያርሲ!»

«ባለሙያው ልጅ ትናንት ስልኩን ሊያይ መጥቶ ነበር» አለች። «አናገረኝ። ጥሩ ልጅ ነው።» ምስሩን አንጓላ ድንጋዩን ወዲያ ጣለችው። «ቀድሜ ነግሬያት ነበር አለኝ።»

ሻማው እየነደደ ነበር፣ ባብሊ ለበዓሉ ያበራችው። ምን እላለሁ? ነገ ልነግርሽ ነበር ልበላት?


ጥቅምት 14፣ ዓርብ

ትናንት ማታ ሁሉም እየሰሙ ተናገርኩ፣ ነገ እኔ ነኝ የምሄደው ብዬ። ማንም እሺ አላለኝም። ማንም እምቢ አላለኝም።

ጠዋት ስነሳ የግያርሲ በር ክፍት ነው፣ እሷ የለችም፣ መጥረጊያዬም የለም።

ኒም ዛፉ ጋ እስክደርስ እግሬ ሦስቴ ከዳኝ። ቡድኑ ተሰልፏል። የርችት ወረቀት መንገዱን ሞልቶታል። የባብሊ አባት ሲያየኝ ስልኩን ወደ ደረቱ አስጠጋው። «ስጠኝ» አልኩት። ሰጠኝ። ፊቴን አሳየሁት። ትኩሳቱ አጥንቴን አውጥቶታል፣ ግን እኔው ነኝ። ቀይ። ሱግና ዛሬ ገብታለች።

«ገና አልዳንሽም» አለኝ ቀስ ብሎ። «ሂጂ ቤት ግቢ።»

ከዚያ እንደ ሁልጊዜው ስም መጥራት ጀመረ። እሱ ስሜን የሚጠራው ሥራ ላይ ብቻ ነው፣ ቤት ውስጥ ጠርቶት አያውቅም። እኔ ከሰልፉ ውጪ፣ ጋሪው አጠገብ ቆሜያለሁ። እኔ ነኝ ሱግና ብዬ ብጮህ ሁለት ሱግና ይሆናል፣ ማጭበርበር ይሆናል፣ ስልኩን የያዘው እሱ ነው የሚታሰረው፣ ሦስታችንም እንባረራለን፣ የባብሊ ትምህርትም አብሮ ገደል ይገባል። ይሄን ሁሉ አሰብኩ፣ አፌ ግን ተከፍቶ ነበር።

«ሱግና» አለ።

«አቤት» አለች። ፊቷ ተገልጦ፣ እሱን ቀጥ ብላ እያየች። ሰባራ ያልሆነ፣ ጥርት ያለ ድምፅ ነው። በስንት ዓመት አንድ ቀን ፊት ለፊት አሰምታው የማታውቀው።

ቀና ብሎ አያት፣ ስሙ ላይ ምልክት አደረገና የሚቀጥለውን ጠራ።